ያለ አሳብ የሚኖሩበት ሸለቆ
ስለ ራስላስ ታሪክ፣ ስለ ሳንሱሲና በቤታችን ስለ ሆነው ነገር

ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲመኘው የሚኖረው ነገር ቢመረመር፣ ምኞቱ ልዩ ልዩ ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ያለ አሳብ መኖር ነው። ገበሬው ዝናሙ በጊዜው እንዲዘንምለት፣ ነጋዴው ዕቃው እንዳይጐድልበት፣ ሹሙ ከሹመቱ እንዳይሻር፣ እናት ልጆችዋ እንዳይታመሙባት ይመኛሉ። እኛ የምንኖርበት ሰፈር ስሙ ራሱ ይህንን ምኞት የያዘ ስለ ሆነ፣ ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ መነሻ ልናደርገው ወደናል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ሰፈራችን ሳንሱሲ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳዮች ነው፤ «ሳን» ያለ፣ «ሱሲ» አሳብ ወይም ጭንቀት ማለት ነውና ሁለቱ ሲጋጠሙ «ያለ አሳብ» ይሆናሉ። ዳሩ ግን በማለዳ ተነሥቶ አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ እንጀራ ጋግራ ለገበያ የምታወጣው፣ ለልጁ ትምህርት የሚከፍለውን ገንዘብ ደጋግሞ የሚቈጥረው ሁሉ፣ በዚሁ ያለ አሳብ በሚባለው ሰፈር ብዙ አሳብ ተሸክሞ ይመላለሳል። ስምና ኑሮ እንዲህ ሲለያዩ ማየት ለሚያስተውል ሰው ትምህርት ነው።

በዚህ ስም የተጠሩ የነገሥታት ቤቶችም አሉ። የፕሩሲያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1745 እስከ 1747 ድረስ በፖትስዳም ከተማ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ሳንሱሲ ብሎ ሰየመው። በአትክልቱ መካከል ውሃ ወደ ሰማይ እንዲወረወር ፈልጎ፣ በነፋስ የሚዞሩ መኪናዎች ውሃውን ከወንዝ እየሳቡ ወደ ኮረብታ እንዲያወጡት አዘዘ። ነገር ግን ከእንጨት የተሠሩት ቧንቧዎች እየፈነዱ ሥራው አልሰምር አለ፤ ንጉሡም የተመኘውን እንደ ልቡ ሳያይ ሞተ። ውሃው እንደ ተመኘው ሽቅብ የተወረወረው በ1842 በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ከተተከለ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሳንሱሲ በሐይቲ ነበረ፤ በባርነት ተወልዶ በኋላ የነገሠው አንሪ ክሪስቶፍ ከ1810 እስከ 1813 ድረስ አሠራው። ይህንንም ታላቅ ቤት በዚያው በ1842 የምድር መናወጥ አፈረሰው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የሰው ብልኃት በአንደኛው ሳንሱሲ ውሃን ወደ ሰማይ ሲያወጣ፣ የፍጥረት ኃይል ሁለተኛውን ሳንሱሲ ወደ ምድር ጣለው።

የዛሬው ነገራችንም ስለ እነዚሁ ስለ ሁለቱ ነው። ደራስያን በአሳባቸው በፈጠሩአቸው አገሮች ውስጥ የሰው ብልኃትና ፍጥረት እንዴት ተስማምተው ወይም ተጣልተው እንደ ኖሩ ለማየት እንወዳለን። ይህንንም ያነሣነው በቤታችን በደረሰው ነገር ምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት ትልቂቱ ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትዋን ጨረሰችና የውሃ ምሕንድስና ለመማር ወደ አርባ ምንጭ እንድንልካት ጠየቀችን። እኛም «ከእናትሽ ቤት ምን ጐደለብሽና ነው ይህን ያህል አገር አቋርጠሽ የምትሄጂው? እዚሁ አጠገባችን ሆነሽ የምትማሪው ትምህርት ጠፍቶ ነውን?» ብለን ከለከልናት። ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው፤ በየቀኑ የምንጽፈው የሰው ጠብና የሰው ጕዳት ስለ ሆነ፣ ከደጃችን ውጭ ያለው ዓለም ሁሉ ወጥመድ የተዘረጋበት መስሎ ይታየናል። ልጃችንም አልተከራከረችንም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ለአያትዋ አንድ መጽሐፍ ታነብላቸው ጀመር። እኛም በማዶ ተቀምጠን መዝገብ የምንመለከት መስለን እንሰማ ነበር። መጽሐፉ የራስላስ ታሪክ ነበረ።

ይህን ታሪክ የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አገራችንን በዐይኑ አላየም፤ ነገር ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ኢየሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጕዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበርና፣ የኢትዮጵያ ስም ከወጣትነቱ ጀምሮ በልቡ ተቀምጦ ኖረ። በ1759 በጥር ወር እናቱ ሊሞቱበት ሆነ፤ እርሱም ለቀብራቸውና ለቀረባቸው ጥቂት ዕዳ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማታ ማታ እየተቀመጠ ይህን መጽሐፍ ጽፎ ለአታሚዎች ሸጠው። ያለ አሳብ ስለሚኖሩበት አገር የሚናገረው መጽሐፍ፣ አሳብ እጅግ በከበደበት ልጅ እጅ ተጻፈ ማለት ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ሲሆን፣ የታተመውም በ1939 ዓ.ም. ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአማራ አገር ዙሪያውን ተራራ የከበበው ሰፊ ሸለቆ አለ። የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እስኪደርሳቸው ድረስ በዚያ ይቀመጣሉ። ከተራሮቹ የሚወርዱት ጅረቶች በመካከሉ ዓሣ የሞላበት ሐይቅ ይሠራሉ፤ የሚተርፈውም ውሃ በሰሜን በኩል ባለው የዐለት ስንጥቅ ገብቶ ይጠፋል። ዛፉ ሁሉ ያፈራል፤ የሚግጠው እንስሳ ሁሉ በሰላም ይሰማራል፤ ነጣቂ አውሬ ግን ወደዚያ አይገባም። መግቢያው በዐለት ሥር የሚያልፍ አንድ ዋሻ ብቻ ነው፤ በዋሻው አፍ ላይ የጥንት ጠቢባን የሠሩት የብረት በር ተተክሎአል። ክብደቱም በመኪና ኃይል ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ሊከፍተውና ሊዘጋው አይችልም።

ክቡራን አንባብያን፣ የዚህን ሸለቆ አሠራር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ፍጥረት ተራራውን በመስጠት ግንቡን ሆነ፤ የሰው ብልኃትም ብረቱን በመሥራት መዝጊያውን ሆነ። ሁለቱም ሰውን ለማስደሰት የተሰናዱ ይመስላሉ እንጂ ተስማምተው እስር ቤት ሠርተዋል። መስፍኑ ራስላስ ዕድሜው 26 ዓመት ሲሆን ይህን ማስተዋል ጀመረ። ፍየሎቹ ሣር ግጠው ውሃ ጠጥተው ሲተኙ ባየ ጊዜ፣ እነርሱ የሚጠግቡትን እኔ በልቼ ጠጥቼ የማልጠግበው ስለ ምንድን ነው ብሎ አዘነ። የጐደለው ነገር አልነበረም፤ የጐደለውን ፈልጎ የማግኘት ዕድል ነበር እንጂ።

ጆንሰን ይህን ሁሉ ከባዶ አልፈጠረውም። በወሎ በአምባሰል አገር ያለችው የግሸን አምባ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት ተራራ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ከቈዩ በኋላ ነው የነገሡት፤ ዐፄ ናዖድም ከዚያው ወርደው ነገሡ። በጐንደር ዘመንም ወኅኒ የሚባለው አምባ ለዚሁ ሥራ ውሎአል። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ተራራ ጽፎአል። ወሬውም በአውሮጳ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተዋበ ሄዶ፣ ጥበቃ የበዛበት አምባ የገነት አትክልት ሆኖ ተነገረ፤ የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተንም በ1667 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ የአማራን ተራራ ስም አንሥቶአል። በሩቅ ሆኖ የሚሰማ ሰው የሌላውን እስራት ዕረፍት አድርጎ ማየቱ የተለመደ ነው።

የኛም ሊቃውንት ይህን ምሥጢር ያውቁት ነበር። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ፣ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ አባቱ በተዋበ ቤት ዘግቶ ያሳደገውን የንጉሥ ልጅ ታሪክ ይናገራል። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጣ፤ ድውይና ሽማግሌ አየ፤ ከዚያም በኋላ ያ የተዋበ ቤት ሊይዘው አልቻለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ታሪክ በሰማን ጊዜ ለልጁ አዝነን ነበር። አሁን አባት ከሆንን በኋላ ግን ለአባቱም እናዝናለን፤ በሩን የዘጋው ስለ ጭካኔ ሳይሆን ስለ ፍርሃት ነበርና።

በራስላስ ሸለቆ አንድ ብልኅ ሠራተኛ ነበረ። በጅረት የሚዞር መንኰራኵር ሠርቶ ውሃን ወደ ማማ አወጣና ለቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ሁሉ አደለ። ለእመቤቶች መናፈሻ በሚሆነው ጥላ ውስጥ ጅረቱ የሚያንቀሳቅሳቸው ማራገቢያዎች ተከለ። ነፋስና ውሃ እየመቱዋቸው ጣዕም ያለው ድምፅ የሚሰጡ የዜማ ዕቃዎችም አኖረ። ይህ ሁሉ ያማረ ሥራ ነው፤ ፍጥረትን ሳያቈስል ከፍጥረት ኃይል ይበደራልና። መስፍኑ ግን ከሸለቆው የሚወጣበትን መንገድ ይሻ ስለ ነበር ወደዚህ ሰው ሄደ፤ ሠራተኛውም ሰው ክንፍ ቢሠራ መብረር ይችላል ብሎ ነገረው። ነገር ግን አንድ ቃል ኪዳን አስገባው፤ ጥበቡ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ፣ ክንፍም ከሁለታቸው በቀር ለማንም እንዳይሠራ ነው። መስፍኑም ይህን የመሰለ ጥቅም ከሰው ልጅ የሚሰወረው ስለ ምን ነው ብሎ ጠየቀ። ሠራተኛው የመለሰው ነገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሰው ሁሉ ደግ ቢሆን ለሁሉ ባስተማርሁ ነበር፤ ክፉዎች በፈቀዱ ጊዜ ከሰማይ ሊወርዱባቸው ከቻሉ ግን ደጎች በምን ይጠበቃሉ? ግንብም ተራራም ባሕርም በአየር የሚመጣን ሠራዊት አያግደውም።

ይህ በ1759 የተጻፈ የአሳብ ታሪክ ነው። ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ሲያርፍ ሕዝቡ በታላቅ አድናቆት ተቀበለው። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አጠገብ የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች በወታደሩም በባላገሩም ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ፤ ተራሮቻችን አላዳኑንም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንን በደል ለዓለም ተናገሩ። የዚያ ሠራተኛ ፍርሃት በራሱ አገር፣ በራስላስ አገር እውነት ሆነ። ይህን ገጽ ወደ አማርኛ የመለሰውም አባቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በስደት በእንግሊዝ አገር በ1931 ዓ.ም. ያረፉበት ልጅ ነው። ልጃችን እዚህ ላይ ስትደርስ ንባብዋን አቋረጠች፤ በቤቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። እናታችን በዚያ ጦርነት አባታቸውን ያጡ ናቸው።

የሠራተኛው መጨረሻ ግን ለሳቅ የቀረበ ነው። አንድ ዓመት ሠርቶ ክንፉን በሌሊት ወፍ አምሳል ጨረሰና ከሐይቁ በላይ ካለው ገደል ላይ ዘለለ፤ ወዲያውም ከሐይቁ ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልረዳው ክንፍ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ አዳነው፤ መስፍኑም በድንጋጤና በኀዘን ግማሽ ሞቶ ሳለ ወደ የብስ ጐተተው።

አያታቸው ይህን ሰምተው ሲስቁ ቈዩና «ልጄ፣ ብቻውን ሊሄድ ስለ ፈለገ ነው» አሉ። የክብረ ነገሥትን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተው ያውቃሉና። በዚያ መጽሐፍ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል በአየር የሚሄድ መጓጓዣ እንደ ነበረ ተጽፎአል። ዳግመኛም ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገሎቹ ከምድር ከፍ ብለው እንደ ሄዱ፣ የብዙ ቀን መንገድም በአንድ ቀን እንደ ፈጸሙ ይተረካል። እነዚህን ሁለት በረራዎች አስተያዩአቸው። የክብረ ነገሥት ሠረገላ ሰፈሩን ሁሉ፣ ሰውንና ከብቱን ከነጭነቱ ተሸክሞ ይነሣል፤ ደካማ ሆኖ ወደ ኋላ የሚቀር የለም። የሸለቆው ክንፍ ግን ለሁለት ሰዎች ብቻ ተሠርቶ ከሌላው ይሸሸጋል። እንግዲህ አንድ ብልኃት ለሰው የሚጠቅም መሆኑን ለመለየት፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ በረረ ሳይሆን ማንን ተሸክሞ እንደ ተነሣ መጠየቅ ይገባል። የራሳችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ወደ ካይሮ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ራስላስም ከሸለቆው ወጥቶ የሄደው ወደ ካይሮ ነውና። የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሰማይ በዐሥር ዓመት ውስጥ የመንገደኞች መንገድ ሆነ።

መጽሐፉ የሰውን ትዕቢት የሚያሳይበት ሌላም ታሪክ አለ። በካይሮ አጠገብ 40 ዓመት ሙሉ ሰማይን ሲመረምር የኖረ ሊቅ ነበረ። ብቻውን ከመኖር ብዛት የተነሣ ዝናምንና ፀሓይን የማዘዝ ሥልጣን አለኝ ብሎ አምስት ዓመት ሙሉ ያምን ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ለየአገሩ ዝናም ሲያድል፣ አንዱን ላጠግብ ስል ሌላውን አስርባለሁን እያለ ይጨነቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ስለ ዓለም የሚያስብ ደግ ሰው ነበረ። ሕመሙም በመድኃኒት አልተፈወሰም፤ የራስላስ እኅት ንቃያና ወዳጅዋ ጴቋ ወደ ቤቱ እየመጡ ሲያጫውቱት ቀስ በቀስ ለቀቀው እንጂ።

የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን፣ ስለ ፍጥረትና ስለ ሥልጣን ሲነገር የፖትስዳሙ ባለ ወፍጮ ትዝ ይለናል። ከንጉሡ ከፍሬድሪክ ቤተ መንግሥት አጠገብ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ነበረ። ንጉሡ ጩኸቱ አስቸገረኝ ብሎ ሊያስነሣው ቢፈልግ፣ ባለ ወፍጮው በበርሊን ፍርድ ቤት አለ ብሎ መለሰለት፤ ንጉሡም ተወው ተብሎ ይተረካል። ተረት ቢሆንም የሚወደድ ተረት ነው። ንጉሡ ውሃ ወደ ሰማይ ለመወርወር ብዙ ገንዘብ አፍስሶ አልሆነለትም፤ ጐረቤቱ ግን በዚያው ነፋስ ሕዝቡ የሚበላውን እህል ይፈጭ ነበር። ብልኃት ለጌጥ ሲሆንና ለእንጀራ ሲሆን ልዩነቱ ይህ ነው።

በሰፈራችን በኩል የሚያልፈው መንገድም የዚህን ዓይነት ነገር ያሳስባል። በዚሁ መንገድ ሆለታን አልፎ የሚገኘውን አዲስ ዓለምን ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጉት አስበው ነበር። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ በማለቁ ነው። ከተማው ደኑን በልቶ ጨርሶ ሊሰደድ ሲነሣ፣ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እየበቀለ አስቀረው፤ በአዲስ ዓለም ተጀምሮ የነበረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ደግሞ ያው ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም እየተባለ ይወቀሳል። ያዳነን ነገር ሁሉ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውንም የሚከፍሉት የተከሉት ሰዎች ሳይሆኑ ልጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ ልጆች የውሃንና የዛፍን ነገር እንዲማሩ ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ራስላስ እንመለስ፤ ክንፉ ከወደቀ በኋላ እንዴት ወጣ? ክረምት ገብቶ ሸለቆው በጐርፍ በተሞላ ጊዜ፣ ሽኮኮዎች ከጕድጓዳቸው ተሰደው በተራራው ጐን ሽቅብ ያጋደለ ቀዳዳ ሲቈፍሩ ራስላስና ባለቅኔው እምላክ አዩ። ይህችን ታናሽ እንስሳ አብነት አድርገው፣ ማንም በማያያቸው ስፍራ ዐለቱን በትዕግሥት ይቈፍሩ ጀመር፤ ንቃያም ተጨምራ ተራራውን አልፈው ወጡ። የብረቱን በር የሚያንቀሳቅሰው መኪና አላወጣቸውም፤ የሌሊት ወፍን የመሰለው ክንፍም አላወጣቸውም፤ ከሽኮኮ የተማሩት የእጅ ሥራ አወጣቸው።

እናታችን ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። መጽሐፈ ምሳሌ ከምድር ታናናሾች ሆነው ጥበበኞች ከሆኑት መካከል ሽኮኮን እንደሚቈጥር ያውቃሉ። ወደ እኛም ዘወር ብለው «አንተ፣ መዝገብህን ተወውና ስማ፤ ይህች ልጅ ስትቈፍር አትሰማም?» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን። በየማታው በዚያ ክፍል ስትቈፍር የነበረው ዐለት የኛ ልብ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

በመጽሐፉ መጨረሻ እያንዳንዳቸው የሚመኙትን ይናገራሉ። ንቃያ የተመኘችው ዕውቀትን ሁሉ ተምራ የተማሩ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ለማቆም ነው። ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት አንድ እንግሊዛዊ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ይህን ሲያስብ፣ እኛ በዘመናችን የገዛ ልጃችንን መከልከላችን አሳፈረን። ደግሞም ያን ጊዜ የዐባይ ጐርፍ ግብጽን ሞልቶ ስለ ነበረ ከቤት መውጣት አልቻሉም፤ ከአገራቸው የወረደው የክረምት ውሃ በሰው አገር ቤት ዘግቶ አስቀመጣቸው ማለት ነው። ያው ዐባይ ዛሬ በጉባ ታላቅ ግድብ ተሠርቶለታል፤ ሥራው በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በጥንት ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ የዐባይን መንገድ ሊያዞር ይችላል እየተባለ በሩቅ አገር ይተረክ ነበር። ተረቱ ግድብ ሲሆን ግን በተረት አይጠበቅም፤ ደለሉን የሚለካ፣ ዝናሙን የሚመዘግብ፣ ከተራራው የሚታጠበውን አፈር የሚያስቀር የተማረ ሰው ይፈልጋል። ዝናምን አዛለሁ እንዳለው ሊቅ የሚመካ ሳይሆን፣ ዝናምን ቈጥሮ የሚያስተዳድር ትሑት ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚሆን ሦስት ምክር እናወጣለን።

አንደኛ፣ የአሳብ ታሪክ ሐሰት ነው ብላችሁ ከልጆቻችሁ አትከልክሉ። በተረት ውስጥ የወደቀው ክንፍ ማንንም አይገድልም፤ ልጅ ግን ክንፍ የሚወድቅበትን ምክንያት ከዚያ ይማራል። በየእጃቸው በያዙት ስልክ የሚያዩትንም ሥዕል ሁሉ ከመንቀፍ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ይህ መኪና ማንን ይሸከማል፣ ማንንስ ይጥላል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ማታ ማታ በቤታችሁ መጽሐፍ ድምፅ ተሰጥቶት ይነበብ፤ አረጋውያንም ይስሙት። ልጅ የሚያነበውን ሽማግሌ ይተረጕመዋል፤ በመካከላቸው የተቀመጠ አባትም፣ እንደ እኛ መዝገብ የሚመለከት ቢመስል እንኳ፣ ሳይማር አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ቤታችሁን ያማረ ሸለቆ አድርጋችሁ ስትሠሩ በሩን መኪና የማይከፍተው ብረት አታድርጉት። ልጅን የምንጠብቀው ተራራ ከብበን ሳይሆን መንገዱን የሚያውቅበት ጥበብ ሰጥተን ነው። ከሸለቆው የወጣው ራስላስ ደስታን ፈልጎ አላገኘም፤ በመጨረሻ ወደ አገሩ ለመመለስ አሰበ። በገዛ ፈቃዱ የሚመለስ ልጅ ግን ከቶ ካልወጣ ልጅ ይለያል፤ ቤቱን መርጦታልና።

ልጃችን በሄደችበት ቀን ማለዳ ከሳንሱሲ ተነሥተን እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኘናት። ባለቤታችን በሶና ዳቦ ቋጠረችላት፤ እናታችን ግንባርዋን ስመው መረቁአት። እኛ ብዙ ምክር አሰናድተን ነበር፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ሲነሣ ሁሉ ጠፋንና «ስትደርሺ ደውዪልን» ብቻ አልናት። በማታ ከአርባ ምንጭ ደውላ፣ ከከተማው በታች ሐይቆቹን እንዳየች፣ ምንጮቹንም ለማየት እንደ ጓጓች ነገረችን። ያን ሌሊት ሳንተኛ ብዙ ቈየን። ያለ አሳብ በሚባለው ሰፈር አሳብ ይዞን ማደሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ አሳብ ልጅዋን ወደ ዓለም የላከች ቤት ሁሉ የምትሸከመው ስለ ሆነ፣ በስሙ ለሚያማምር ሸለቆ ልንለውጠው አንወድም።